ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው ዋሽንተኛ

ነገሩ ያጋጠመኝ ባለፈው እንቁጣጣሽ፣ እዚሁ ካይሮ፣ አይን ሻምስ ውስጥ ነው። የማልረሳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ ግጥሜን ያነበብኩበት ቀን ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ለበዓሉ እዚህ ያለን ሐበሾች ተሰባስበን የሠርግ አዳራሽ ተከራይተን ነበር። ግጥሜን በዋሽንት ሊያጅብልኝ ቃል የገባው ጓደኛዬ፣ ሸይኽ ዛይድ በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነው። ዝግጅቱ ሊጀመር ሲል ደወለልኝ።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ አሠሪዎቼ እንግዳ መጣባቸው፤ አልለቀቁኝም።»

መድረኩን የሚመሩት እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ አላመነቱም። «ያለ ዋሽንት ግጥም ማን ይሰማል? ኸላስ፣ በቃ፣ ሰዓትህን ለዘፋኙ ሰጥቼዋለሁ።»

«ኧረ ዋሽንትማ አለ፣ እትዬ!» አልኩ።

የነበረኝ ስልኬ ላይ ያስጫንኩት ሙዚቃ ነው። አታባ ካለው የአሮጌ መጻሕፍት ተራ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው የእንጨት ዋሽንት ስቦኝ የገዛሁት ሲዲ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ የተደረሰ፣ የዛሬ ሙዚቀኞች በዚያው ዘመን መሣሪያዎች ተጫውተው የቀረጹት ሙዚቃ ነው። ቫዮሊኖቹ እንኳ እንደ በገና የአንጀት ክር ነው የተወጠረላቸው። ቅጂው ጥርት ያለ ስለሆነ ነፊው አየር ሲስብ ይሰማል። ሜትሮ ውስጥ ስሰማው ከርሜ ትንፋሹን ሁሉ በቃሌ አጥንቼዋለሁ።

ስልኬን ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቼ ወጣሁ። ግጥሙ ከሥራ ሲመለሱ ሜትሮ ውስጥ ቆመው ስለሚያንቀላፉ እህቶቻችን ነበር። ነፊው ትንፋሽ ሲስብ እኔም እስባለሁ፤ ከዚያ ስንኙን እጀምራለሁ። መጀመሪያ ላይ «አሳጥራት!» እያለ ሲያላግጥብኝ የነበረ አንድ ጎረምሳ እንኳ ወንበሩን ወደ መድረኩ አስጠጋ።

ድንገት ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሽማግሌ የሃምሳ ጊኔ ኖት በምራቃቸው አርሰው ተነሱ። ወደ እኔ የሚመጡ መስሎኝ ነበር። አልፈውኝ መጋረጃውን ገለጡ። ለካ ግንባሩ ላይ ሊለጥፉለት ዋሽንተኛውን ፍለጋ ኖሯል!

«የታለ ሰውየው? አሁን ሲተነፍስ ሰምቼዋለሁ እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያኔ ባቆም ኖሮ አብቅቶልኝ ነበር። ዋሽንቱ ግን አላቆመም፤ እኔም አላቆምኩም። ሳቁ እየቀዘቀዘ ሄደ። የመጨረሻውን ስንኝ ስዘጋ እህቶቻችን ከወንበራቸው ተነስተው እልልታውን አቀለጡት።

ጋሽ መኮንን ኖቱን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱ ከሌለ አንተ ተቀበላ!» ብለው ግንባሬ ላይ ለጠፉት።

እትዬ ዘነበች ማይክራፎኑን ነጠቁኝ። «ይደገም! ዘፋኙ ትንሽ ይታገሠን» አሉ።

ገጣሚ ግንባሩ ላይ ገንዘብ ሲለጠፍለት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በነጋታው በዚያች ሃምሳ ጊኔ ፉል በላሁባት፤ ኩራቷ ግን እስከ ዛሬ አጥግቦኛል።