ዘፈን የተከለከለበት ደቦ

ታላቅ ወንድሜ አገር የሚድነው በአንድ ሰው ክንድ ነው ብሎ ያምናል። «አንድ ቆራጥ ሰው! ሲናገር ሁሉም ፀጥ የሚልለት!» ይላል፣ ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ እያስጠጋ። ስልኩ ውስጥ ሁልጊዜ የማናውቀው አገር መሪ ጠረጴዛ ይደበድባል። ቋንቋውን እኔም እሱም አንሰማውም። «ምን እያለ ነው?» ስለው፣ «ምን ቢል ምን ቸገረሽ፣ ድምፁን አትሰሚውም?» ይለኛል። እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ገጠር እሱ ዘንድ እሄድና በዚሁ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ እንውላለን። ያናድደኛል፤ ግን ከእሱ ጋር እንደ መጨቃጨቅ ደስ የሚለኝ ነገር የለም።

ኮሌጅ ሳለሁ ሰው ለምን በጨካኝ ገዢ እንደሚማረክ ተምረን ነበር። ከዚያ ሁሉ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረልኝ፤ ሰው የሚማረከው ሲፈራ መሆኑ። እሱም የገባኝ ወንድሜን ሳይ ነው። ገበያው ሲደምቅ፣ ላሟ ስትወልድ፣ ስለ ቆራጥ ሰው ትንፍሽ አይልም። መንገድ ተዘጋ ሲባል ወይም የሰው በሬ መሰረቁን ሲሰማ ግን ስልኩ ከእጁ አይወጣም።

የፍርሃቱንም ምንጭ አውቀዋለሁ፤ እናታችን ነግራኛለች። እሱ ልጅ፣ እኔ ገና ያልተወለድኩ ሳለን፣ አባታችን ጎረቤት ሰብስቦ ስለ ገብሱ ምክር ጠየቀ። ግማሹ ዛሬ ይታጨድ አለ፣ ግማሹ ትንሽ ይድረቅ አለ። እነሱ ሲከራከሩ በረዶ ወርዶ ማሳውን ጠረገው፤ ዓመቱንም ቤተሰቡ በሰው እጅ በላ። ወንድሜ እስከ ዛሬ በረዶውን ሲወቅስ ሰምቼው አላውቅም። የሚወቅሰው ክርክሩን ነው።

ያለፈው ኅዳር የእሱ ገብስ ደረሰ። ለቤቱ የዓመት እንጀራ ያቺው ማሳ ናት፤ ሌላ የለውም። ደቦ ጠራ፣ ጎረቤቱም ማጭዱን ይዞ በጠዋት መጣ። በእኛ አገር ደቦ ጠሪ ባሪያ ነው፣ ጌቶቹ አጫጆቹ ናቸው። ጠላ እየቀዳ «በርቱልኝ፣ ኑሩልኝ» እያለ ሲለማመጥ ይውላል። እነሱ ደግሞ በዘፈን ይነካኩታል፤ ጠላው ቀጠነ፣ ሆዱ ገፋ፣ ያሻቸውን ይላሉ። መቀየም ነውር ነው።

ወንድሜ ግን አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ብቅ አለ። የኳስ ዳኛ የሚነፋው፣ ሰማያዊ ፊሽካ! «በቁመት ተሰለፉ» አለ። «አንዴ ስነፋ ታጎነብሳላችሁ፣ ሁለቴ ስነፋ ትቆማላችሁ። ወሬ የለም፤ ዘፈንም የለም። ዘፈን ነገር ያመጣል።» ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀልድ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ተሰለፉ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ አማረ። ፊሽካው ሲጮህ ያ ሁሉ ጀርባ አብሮ አጎነበሰ፣ ያ ሁሉ ማጭድ አብሮ ጮኸ። እኔም ከሰልፉ ጫፍ ነበርኩ። አለማሰብ እንዴት ያሳርፋል! የዚያ ትልቅ ጀርባ አካል በመሆኔ ኩራት ቢጤ ሽው አለብኝ። ለካ ወንድሜን የሚያማልለው ይህ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ማማሩ ግን አልቆየም። ዘፈን ከሌለ ትንፋሽ የሚያመሳስል ነገር የለም። ጎበዙ ቀድሞ ይሄዳል፣ ደካማው ይቀራል፣ ሰልፉ ይጣመማል። የአንዱ ማጭድ እጀታ ወለቀ፤ ሰውዬው ትእዛዝ እየጠበቀ ዝም ብሎ ቆመ። የወንድሜ ሚስት ጠላ ይዛ መጥታ፣ ፊሽካው ስላልተነፋ ዳር ላይ ቆማ ቀረች። ወንድሜ ከላይ ታች እየሮጠ ሲነፋ ላብ አጠመቀው። ማሳው ገና ግማሽ ሳይደርስ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ።

ሁሉም ቀና ብሎ አየው። ወንድሜ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ትንፋሹ ግን እንቢ አለው። ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያንን በረዶ ያየውን ልጅ ፊቱ ላይ አየሁት። ስንት ዓመት ስሟገተው ኖሬ፣ ያን ቀን አንጀቴን በላው።

ይሄኔ ከሰልፉ መሀል አንድ ጎረቤታችን፣ ሁልጊዜ ዘፈን የሚያወርደው ሰውዬ፣ እንዳጎነበሰ አንጎራጎረ፤

ፊሽካ ገብስ ቢያጭድ ወገብ ባረፈልን፣
ነፊው ማጭድ ያንሳ ፊሽካው ይቅርልን።

መጀመሪያ የሳቀችው የወንድሜ ሚስት ናት። ማሰሮዋን አስቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀችና እልል ብላ ተቀበለች። ከዚያ ሁሉም ተቀበለ። ማጭዱ ምቱን አገኘ፣ ቀዳሚው ዘገየ፣ የቀረው ደረሰ። ወንድሜም የእኔን ማጭድ ተቀብሎ መሀል ገባ። ራሱን የሚነካውን ዘፈን ከሁሉም ጮክ ብሎ ሲቀበል የሰማሁት በእነዚህ ጆሮዎቼ ነው! እኔ ነዶ እያሰርኩ በሳቅ እንባዬ ይወርዳል። ማሳው አልቆ ክምሩን በሳር ከድነን ስንጨርስ ጠብታው ጀመረ።

በረዶው ሲወርድ ሁላችንም ቤት ውስጥ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። አንዱ ክምሩ ነገ ተገልጦ ፀሐይ ያግኘው ይላል፣ ሌላው መነካት የለበትም ይላል፣ ሦስተኛው ክዳኑን ይነቅፋል። ወንድሜ በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ በበረዶው መሀል ክምሩን ያያል። ክምሩ ቆሟል።

«በል እንግዲህ፣ ገብሱ ያንተ ነው፤ አንተ ቁረጥ» አለው ዘፈን አውራጁ። «ያልከውን እናደርጋለን።»

ቤቱ ፀጥ አለ። ሁሉም አፉን ዘግቶ እሱን ብቻ ያያል። ወንድሜ ዘወር ብሎ አንድ በአንድ አየን፤ የጨነቀው ይመስል ነበር።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ። «ተከራከሩ እንጂ!»