የሁዳዴ አጥንት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰበታ መምህርት ሳለሁ የፈረንጇን ዳይሬክተራችንን ውሻ አመሻሹ ላይ የማንሸራሽረው እኔ ነበርኩ። ውሻው የክሊኒኩ ድሬሰር ቤት በር ላይ ሲደርስ ገመዱን ወጥሮ ወደ ግቢው ይጎትተኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ «እንቢ ይለኛል» እላለሁ እንጂ በሌላ መንገድ ወስጄው አላውቅም።

አንድ ቀን በሁዳዴ፣ የድሬሰሩ እናት አጥንት በእንጨት ጫፍ አንጠልጥለው ልጃቸውን በሩ ላይ ሲያፋጥጡ ደረስን።

«በጾም አጥንት ከቤቴ! ከየት አመጣኸው?»

«ከሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት። ለውሻው ነው እማዬ፤ ሁልጊዜ እሰጠዋለሁ።»

«የሰው ውሻ መጥቶ ምን ያደርግልሃል?»

ጎንበስ ብሎ ውሻውን ማሻሸት ጀመረ። እሳቸው ገመዱን በዓይናቸው ተከትለው እኔ ላይ ደረሱ። አቀረቀርኩ።

«ሽማግሌ ከፋሲካ በኋላ ይላካል» አሉት። «አጥንቱን ግን አሁኑኑ ወዲያ ጣልልኝ።»