እትዬ ሠርኬ ለንፋስ ቦታ የጠየቁ ቀን

ስለ እትዬ ሠርኬ ልጽፍ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። እኔ ጆንያ ሰፊ ነኝ፤ ማስረሻ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ እጄ ወስፌ እንጂ እስክሪብቶ አይወድም። ግን ስለዚያ ስብሰባ ሰው ሁሉ እንደፈለገው ያወራል። ሴትዮዋ ሆን ብላ ነው የሚል እስከ ዛሬ አለ። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ስለዚህ እንደምንም እጽፈዋለሁ፤ ያልተስተካከለውን እለፉልኝ።

ሙሉ ስማቸው ሠርክአዲስ ነው፤ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ግን እንደዚያ ብሎ የሚጠራቸው የለም። በርበሬ ቀንጣሽ ናቸው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ዛላው ከማረቆም ከቡሬም በጆንያ ተጭኖ ይመጣል። ከመፈጨቱ በፊት ጭራው አንድ በአንድ በእጅ ይቀነጠሳል፤ የሻገተውም ይለቀማል። ሥራው የሴቶች ነው። እኛ ጋ አሥራ አንድ ናቸው፤ ከሁሉም የቆዩት እትዬ ሠርኬ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሀጂ ሙናዊር መጋዘን በር ላይ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሦስት ልጅ ያሳደጉት እዚያው ተቀምጠው ነው። የጣታቸው ጫፍ ቀይ ነው፤ ሳሙና አያስለቅቀውም። በጣታቸው ዓይናቸውን ነክተው አያውቁም። ሲስቁ እንባ ቢመጣባቸው በክንዳቸው ነው የሚጠርጉት፤ ለቅሶ ቤትም እንደዚያው።

ሌላው የሚያውቁት ነገር ንፋስ ነው። ጠዋት ይመጡና መጀመሪያ ቆም ይላሉ። «ዛሬ ከአብነት ሰፈር በኩል ነው የሚመጣው፤ ጀርባችሁን ስጡት» ይላሉ። አሥሩ ሴቶች መቀመጫቸውን ብድግ አድርገው ይዞራሉ። ከቀትር በኋላ ንፋሱ ሲገለበጥ እንደገና ይዞራሉ። እኔም ጥግ ላይ ጆንያዬን እየሰፋሁ አብሬ እዞራለሁ። አዲስ ሴት መጥታ አልዞርም ካለች ትንሽ ቆይታ እያስነጠሰች ትዞራለች። ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ደግሞ በረንዳው ጠርዝ ላይ ቆመው ልብሳቸውን ሦስት ጊዜ ያራግፋሉ። «በርበሬ ይዘሽ ሰው ቤት አይገባም» ይላሉ። ይሄ ሕጋቸው ነው። ይሄንኑ ሕግ ሰው አፍርሰሻል ሲላቸው ምን እንደተሰማቸው አስቡት።

አምና የበረንዳው ነጋዴዎች አክሲዮን ገዝተው እዚህ ቦታ ላይ ስምንት ፎቅ ሊሠሩ ነው ተባለ። ሰፈሩ በሁለት ተከፈለ ልል ነበር፤ ግን በሁለት አይደለም፣ በአሥር ነው የተከፈለው። አንዱ ሊፍት ይኖራል ብሎ ደስ ይለዋል፤ አንዱ ደንበኛዬ ፎቅ አይወጣም ይላል። ሀጂ ሙናዊር ህንፃውን ከሚፈልጉት ነበሩ።

«እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪናው በየት ይግባ? በሠርኬ ጉልበት ላይ?» ይሉ ነበር።

እትዬ ሠርኬም ህንፃ አይጠሉም። ዜናውን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሽንት ቤት አለው?»

«በየፎቁ አለው» አሏቸው ሀጂ።

«እንግዲያማ ይሠራ! ሠላሳ አንድ ዓመት ቀን ቀን ውሃ የማልጠጣው ወድጄ መሰለዎት?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

በኋላ የህንፃው ሥዕል መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እትዬ ሠርኬ ጠሩኝ። «ና እስቲ ማስሬ፣ አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ እኛ የት ነን?» አሉኝ። ሰው ከኋላዬ ቆሞ ሲያዳምጠኝ ማንበብ አልወድም፤ ያልበኛል። እንደምንም በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ካፌ አለ። ባንክ አለ። የቅመማ ቅመም መሸጫ አለ፣ መጋዘን አለ። ዙሪያው በሙሉ መስታወት ነው። ቀንጣሽ የሚል የለም። በረንዳ የሚልም የለም።

«ደግመህ እየው» አሉኝ።

ደግሜ አየሁ። የለም።

«ታዲያ በርበሬውን ማን ሊቀነጥሰው ነው? ባንኩ?» አሉ። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ ተነስተው የት ሄደው ሥራ ይጀምራሉ? ሌሎቹ ሴቶች እሳቸውን ነበር የሚያዩት። «ሐሙስ አስተያየት ስጡ ብለው ጠርተውናል አይደል? እጠይቃለሁ» አሉ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ መጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሠርኬ የክት ነጠላቸውን ይዘው መጡ። ስብሰባው ስምንት ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ሊሠሩ ነው። «ማስሬ፣ ንፁህ ጆንያ ፈልግልኝ፤ ነጠላዬ እዚህ እንዳይቀላ» አሉኝ። ከሰፋኋቸው መሀል ነጣ ያለውን መርጬ ሰጠኋቸው። ነጠላውን አጣጥፈው ከተቱት፣ አፉን አሰሩት፣ ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

የኛ ሥራ እንዲህ ነው፤ አሮጌ የበርበሬ ጆንያ ሲመጣልን ይገለበጥና በሌላው ፊቱ ይሰፋል። ውጪው ንፁህ ይሆናል፤ ቀዩ ወደ ውስጥ ይገባል። መልሶ በርበሬ ለሚከትበት ሰው ምንም አይደለም። እኔ ያየሁት ውጪውን ነው። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ረስቼ ሳይሆን፣ እንዲያው ሴትዮዋን ደስ ላሰኝ ብዬ ስቸኩል ነው። ያ ጆንያ ሚስማር ላይ እስከ ስምንት ሰዓት ዋለ። ተሸካሚ ባለፈ ቁጥር በትከሻው ይገፋዋል፤ ጆንያው ይወዛወዛል፤ ነጠላውም ውስጥ ሆኖ አቧራውን ይጠጣል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ ሠርኬ ታጠቡ፤ የሥራ ሻርፓቸውን ጣሉ፤ ቀሚሳቸውን በረንዳው ጠርዝ ላይ ሦስት ጊዜ አራገፉ። ነጠላውን ግን መንገድ ላይ እንዳይቆሽሽ ብለው ከነጆንያው በብብታቸው ያዙት።

የስብሰባው አዳራሽ ጠባብ ነው። የመኪና ጥሩምባ እንዳይረብሽ መስኮቱ ተዘግቷል። ሰብሳቢው ይድነቃቸው ነበር፤ የአክሲዮኑ ሊቀመንበር፣ እዚሁ አጠገባችን ዕጣን የሚነግድ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ያ ህንፃ እንቅልፍ ነስቶታል። ሥዕሉን የሠራችው ልጅ ማርያማዊት ትባላለች፤ ከጎኑ ወረቀት ዘርግታ ተቀምጣለች። ብዙ ሰው ተናገረ። ሙቀቱ ሲበረታ ይድነቃቸው ተነስቶ የጣራውን ቬንቲሌተር ለቀቀው። ከዚያ «ሌላ አስተያየት?» አለ።

እትዬ ሠርኬ ተነሱ። ቬንቲሌተሩ ልክ ከራሳቸው በላይ ነው። ሰው ፊት ነጠላ ሳያጣፉ መናገር ለሳቸው ነውር ነው፤ ጆንያውን ፈቱና ነጠላውን አውጥተው አንዴ ዘርግተው በትከሻቸው ላይ ወረወሩት።

«ስሜ ሠርክአዲስ ነው። እኔ የምጠይቀው...»

ይድነቃቸው አስነጠሰ።

«ይማርህ» አሉት።

«ያኑርዎት። ቀጥ...» ደግሞ አስነጠሰ።

«ይማርህ። እኔ የምጠይቀው ይሄ...»

ማርያማዊት አስነጠሰች። «ይማርሽ የኔ ልጅ።» የፊተኛው ረድፍ በሙሉ አስነጠሰ። «ይማራችሁ!» ሀጂ ሙናዊር አልሀምዱሊላህ ብለው ሳይጨርሱ ሁለተኛው መጣባቸው። እትዬ ሠርኬ ግራ ገብቷቸው ይዞራሉ፤ በዞሩ ቁጥር ነጠላው ይራገፋል። እሳቸውን እኮ አይነካቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ለምደውታል፤ ሽታውም አይታወቃቸውም። «ምን ሆናችሁ? ጉንፋን ገባ እንዴ?» ይላሉ። ያን ጊዜ አንዱ «በርበሬ!» ብሎ ጮኸ። ወንበሩ ወደቀ፤ ሰው በበሩ ተጋፍቶ ወጣ።

ውጪ ሁሉም ዓይኑን እያሸ ቆመ። ይድነቃቸው ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ሆን ብለው ነው!» አለ። «ስብሰባ ለማፍረስ ነው! እትዬ ሠርኬ፣ አፈርኩብዎት። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የቀንጣሽ ጉዳይ የሚባል ነገር አይነሳም!»

«እኔ?» አሉ እትዬ ሠርኬ። «እኔ በርበሬ ይዤ ሰው ቤት?»

ክንዳቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። ያኔ የመጣባቸው እንባ የሳቅ አልነበረም።

እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆሜያለሁ። ጆንያው ወለሉ ላይ ቀርቶ በበሩ ይታየኛል። ገብቶኛል። በዕድሜዬ ሰው በተሰበሰበበት ተናግሬ አላውቅም፤ ዕድር ላይ እንኳ ሲጠሩኝ እጄን ብቻ ነው የማወጣው። ዝም ብል ማንም አያውቅም ብዬ አስቤ ነበር፤ ይሄንንም መጻፍ አለብኝ።

«ጆንያው የኔ ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ገብቼ ጆንያውን አምጥቼ መሀላቸው ቆምኩ።

«ጆንያው የኔ ነው። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። ንፁህ ነው ብዬ... ተገልብጦ የተሰፋ ነው።» መናገር ሲያቅተኝ እዚያው ገለበጥኩት። ቀይ አቧራ ቦነነ፤ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

ሀጂ ሙናዊር በመሀረብ አፍንጫቸውን ይዘው ቀረብ አሉና የጆንያውን ጠርዝ አዩ። «ወላሂ ምልክቱ የኔ ነው! የራሴ በርበሬ ነው እንዴ የገደለኝ?» አሉ። ሳቅ ሲመጣባቸው ማስነጠሱም አብሮ መጣባቸው። ሰዉ ተከትሎ ሳቀ። «ቆይ አንተ ማስረሻ፣ ምላስ አለህ ለካ!» አለኝ አንዱ ተሸካሚ። ይድነቃቸው ብቻ አልሳቀም፤ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ማርያማዊት ዓይኗ ቀልቶ እትዬ ሠርኬ ጋ ሄደች። «እማማ፣ ምን ሊጠይቁ ነበር?»

«ተዪው ልጄ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ይንገሩኝ እንጂ።»

«ንፋሱ የት ነው የሚቀመጠው ልል ነበር» አሉ። «ሥዕልሽ ያምራል። ግን በሙሉ መስታወት ነው። ይሄ የአንድ ነጠላ አቧራ ነው። እኛ በቀን ስንትና ስንት ጆንያ ነው የምንዘረግፈው። የት ቁጭ ብለን? አቧራውስ በየት ይወጣል?»

«መሳቢያ ማሽን ይገጠማል» አለ ይድነቃቸው ቀስ ብሎ።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለ አንዱ ከኋላ። አንድ ሰው ብቻ አስነጠሰ፤ እትዬ ሠርኬም ከልማድ ይማርህ አሉት።

በማግስቱ ማርያማዊት በረንዳው ላይ መጣች። ተቀመጪ ብለው ዱካ ሰጧት። ደብተሯን አውጥታ ገና መጻፍ ስትጀምር፣ «ተነሺ፣ ዙሪ፤ ንፋሱ ሊገለበጥ ነው» አሏት። ዞረች። እስከ አሥር ሰዓት ከሴቶቹ ጋር አራት ጊዜ ዞረች። ስትሄድ ልብሷን ሦስት ጊዜ አስራገፏት።

አዲሱ ሥዕል ሲመጣ በአብነት በኩል ያለው ምድር ቤት ግድግዳ አልነበረውም፤ ጣራና ምሰሶ ብቻ ነው። ግን ለዚያ ሲባል ሁለት ሱቅ ከሥዕሉ ወጣ። ባለአክሲዮኖቹ ተሰብስበው ተጨቃጨቁ። ለጥቂት ሴቶች ተብሎ ሁለት ሱቅ ይጣላል ወይ ያለም አለ፤ ልፈርድበት አልችልም፣ የሱም ገንዘብ ነው። ሀጂ ሙናዊር ናቸው የተነሱት። «ካልተቀነጠሰ ምን ልትሸጡ ነው? ጭራ?» አሉ። እጅ ወጣ። የይድነቃቸው እጅ መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ግን ወጣ። ከዚያ በኋላ እኛ በረንዳ መጥቶ «እትዬ ሠርኬ፣ ያን ቀን ተናድጄ ነው» አላቸው። «እኔም በርበሬ ይዤ ገብቻለሁ፤ ተቻችለናል» አሉት።

ሥዕሉ እንደተለጠፈ እትዬ ሠርኬ ደግሞ ጠሩኝ። አሁንም ከኋላዬ ብዙ ሰው ቆሟል። በጣቴ ተከትዬ አነበብኩ፦ «የቅንጠሳ በረንዳ።»

«ደግመህ እየው» አሉኝ።

ደግሜ አነበብኩት። አለ።

እትዬ ሠርኬ ስፋቱን ጠይቀው መሬቱ ላይ በእርምጃ ለኩት። ለዘጠኝ ሴት ነው የሚበቃው፤ እነሱ አሥራ አንድ ናቸው። ተመልሰው መጥተው ተቀመጡ። «እንጠጋጋለን» አሉ። «ውሃም እንጠጣለን።»

ይሄ በረንዳ ከክረምቱ በኋላ ይፈርሳል። ህንፃው እስኪያልቅ ሀጂ ሙናዊር ለሴቶቹ ጊቢያቸውን ሰጥተዋቸዋል፤ እትዬ ሠርኬ ቀድመው ሄደው ንፋሱን አይተውታል፣ ከግንቡ የተነሳ ትንሽ ያስቸግራል አሉ። ያን ጆንያ ላጥበው ብል እምቢ አሉኝ። አፉን አስረው እዚያው ሚስማር ላይ ሰቅለውታል። ይድነቃቸው በዚያ ባለፈ ቁጥር ወደ ጆንያው እያመለከቱ፣ «ሊቀመንበር፣ በረንዳችንን ከሥዕሉ ላይ የረሳችሁት ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ እመጣለሁ» ይሉታል። እሱም ገና ጆንያውን ሲያይ አፍንጫውን ይይዛል።