የሚቃወማቸውን ሰው ቃል አስቀድመው ይናገሩ የነበሩት ኦቦ ገለታ

ኦቦ ገለታ መጀመሪያ ሻይ ቤቴ ሲገቡ እኔ ገና የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። ዛሬ የመጀመሪያ ልጄ ያንን ዕድሜ ሊይዝ ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ቦምቦሊኖ እየጠበስኩ ሳለ እህታቸው አዴ ጫልቱ ደወሉና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድሜ ዐረፈ» አሉኝ። መጥበሻውን ከእሳት አውርጄ ቆምኩ። ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ፤ ስነግራቸው ከነቀምቴ ሰው ኦቦ ገለታን የማያውቅ ስለሌለ የትኛው ገለታ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ኦቦ ገለታ ከነቀምቴ በሚኒባስ የሚደረስባት የአኖ ገበሬ ልጅ ነበሩ። ብዙ ዘመን መምህር ሆነው ኖረው ነው የላይኛው ምክር ቤት አባል የሆኑት። ክርክሩ የሚካሄደው በአማርኛ ነው። እሳቸው አማርኛን አሳምረው ቢያውቁትም ሐሳባቸው የሚወለደው በኦሮምኛ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው ሻይ ቤቴ ይመጡና የሚናገሩትን ጮክ ብለው ያነቡልኛል። ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ስለሆኑ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት መጠቅለያ ሆኖ የሚመጣ ጋዜጣ ሳነብ ነው። አንዳንዴ ይሄ ቃል ያምራል ብዬ ልጨምርላቸው ስል «ተይ፣ አታስጊጪው፤ ሰሚው ጌጡን ሲያይ ነገሩ ያመልጠዋል» ይሉኝ ነበር።

አባታቸው ሽማግሌ ነበሩ። የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ አንድ ደንብ ነበራቸው አሉ። ማንም ለባላጋራው መልስ የሚሰጠው መጀመሪያ የባላጋራውን ቃል ራሱ ተናግሮ፣ ያኛው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ሲለው ብቻ ነው። ኦቦ ገለታ ይህን ደንብ ከአኖ ዛፍ ሥር አንስተው ምክር ቤት አስገቡት። አንድ ጊዜ በበጀት ክፍፍል ክርክር ላይ ከአርብቶ አደር አካባቢ የመጡ አባል የውሃ ነገር አንስተው ተናገሩ። ኦቦ ገለታ በሐሳቡ አልተስማሙም። ሆኖም ተነሥተው የሰውየውን ክርክር ከግመሉ እስከ ጉድጓዱ አንድ በአንድ ደገሙና «ያሉት ይህ ነው? የረሳሁት አለ?» ብለው ጠየቁ። ሰውየውም «ከእኔ አሻሽለው ተናግረውልኛል፤ እዚህ ላይ ቢቀመጡልኝ» አሉና ምክር ቤቱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

ለእኔም ያደረጉልኝ ይህንኑ ነው። የመንገድ ዳር ቤቶች ይነሣሉ በተባለ ጊዜ ስልክ ደውለው ቢያስቀሩልኝ ብዬ አለቀስኩባቸው። ስልካቸውን አላወጡም። «ማዘጋጃ ቤቱ ምን ይላል? እስቲ እንደ እነሱ ሆነሽ ንገሪኝ» አሉኝ። እየተናደድኩ ተናገርኩ። «ይሄ ስድብ ነው፤ የእነሱን ምክንያት ንገሪኝ» አሉኝ። መንገዱ ለእግረኛ እንደጠበበ፣ ባጃጅ ልጅ እንደገጨ፣ ሁሉንም በአፌ እስክናገር ድረስ አልለቀቁኝም። በማግሥቱ ብቻዬን ሄጄ መጀመሪያ የእነሱን፣ ቀጥዬ የእኔን ተናገርኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ቦታ ሰጡኝ፤ እስከ ዛሬ ልጆቼን የማሳድገው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ።

ከሌላ ክልል የአንዲት ሴት አቤቱታ ምክር ቤቱ ደረሰ። ወንድሞቿ «አግብተሽ ወጥተሻል» ብለው ከአባቷ መሬት ድርሻ ከልክለዋታል፤ በፍርድ ቤት ተረትታ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጠይቃለች። የኦቦ ገለታ ቤት ጉዳይም ያው ነበር። አኖ ያለውን የአባታቸውን መሬት የሚያርሱት ታላቅ ወንድማቸው ኦቦ ቶሌራ ናቸው። ነቀምቴ ተድረው መበለት ሆነው ቅቤ የሚነግዱት አዴ ጫልቱ ግን ድርሻ የለሽም ተብለው ነበር። ኦቦ ገለታ የራሳቸውን ድርሻ ሊሰጧቸው ቢሉ «የአንተን ምን አደርገዋለሁ? የምፈልገው የአባቴን ነው» አሉ። ክሰሺው ሲሏቸውም «ወንድሜን ፍርድ ቤት አቁሜ የምበላው በቆሎ አይዋጥልኝም» አሉ።

ክርክሩ ሊደርስ ሲል ኦቦ ገለታ የወንድማቸውን ምክንያት ሊሰሙ ከአኖ አስመጥተዋቸው ሻይ ቤቴ ጥግ ላይ ተቀመጡ። በኦሮምኛ ነው የሚነጋገሩት፤ እኔም ቋንቋውን ስለማውቅ ፓስቴ እያቀረብኩ ሰማሁ። ኦቦ ቶሌራ ተናገሩ፤ ታናሽየው ቃላቸውን ደገሙላቸው።

«አይደለም፣ ዝንጀሮውን ዘለልከው» አሉ ኦቦ ቶሌራ። «ማሳው ላይ በዝናብ ዝንጀሮ የጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ዝንጀሮውን ልጨምር።» እንደገና ተናገሩ።

«እናታችንንስ ማን አስታመመ? ፈጠን አትበል፣ እዚያ ላይ ቆም በል።»

እንደገና ተናገሩ፣ ቆምም አሉ። ያን ጊዜ ኦቦ ቶሌራ ወንበራቸውን ደገፍ ብለው «አሁን እኔን ሆንክ። ምክር ቤቱ ፊት እንዲህ ካልክ ማንም አይመልስልህም» አሉ።

ኦቦ ገለታ «እኔ እመልሳለሁ» አሉ።

ታላቅየው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

የክርክሩ ዕለት ኦቦ ቶሌራ ንጹሕ ኮታቸውን ለብሰው መጥተው ከቴሌቪዥኔ ፊት ተቀመጡ። አዴ ጫልቱም ከበሩ አጠገብ ነበሩ። ኦቦ ገለታ በቴሌቪዥኑ ተነሥተው እንዲህ አሉ፤ «ታላቅ ወንድም አለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከእኛ ጋር ቢቀመጥ የሚለውን ልንገራችሁ። አባቴን የቀበርኩ፣ እናቴን ያስታመምኩ፣ ዝንጀሮ የጠበቅሁ እኔ ነኝ። እህቴ ሌላ ቤት አላት። መሬቱ ለወጣው ሁሉ ከተቆረሰ ለልጆቼ አልጋ የምታህል ትቀራለች።»

ኦቦ ቶሌራ በያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን እየነቀነቁ «ዱጋዳ፣ እውነት ነው» ይላሉ። አንድ የባጃጅ ሾፌር «ኦቦ ቶሌራ፣ በቃ ፓርላማ ገቡ እኮ፤ ሻይ ይጋብዙን» አላቸው። እውነትም አዘዙለት።

ከዚያ ኦቦ ገለታ ቀጠሉ። «ይህ ሁሉ እውነት ነው። ድካም ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ይከፈለው። ግን እኔም ከአባቴ ቤት ወጥቻለሁ። ለትምህርት ወጣሁ፣ ከተማ ገባሁ፣ አንድም ቀን ዝንጀሮ አልጠበቅሁም። ድርሻዬ ግን ዛሬም በስሜ አለ። እኔ ስወጣ ያልቀረብኝ ለምን እህቴ ስትወጣ ቀረባት? ምክንያቱ ድካም ከሆነ ወንድሜ መጀመሪያ የኔን ይውሰድ። የኔን ካልወሰደ ምክንያቱ ድካም አይደለም።»

እኔ የሰማሁት ነገር ከበደኝ፤ እንዴት ሰው በአገር ፊት፣ ያውም ስድብ ሳይጨምር፣ የገዛ ወንድሙን እንዲህ እውነት ፊት ያቆማል? አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ኦቦ ቶሌራ ሻያቸውን ሳይነኩ ተነሡና «ከብት ጠብቄ፣ አርሼ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ብለው ብቻ ወጡ። የባጃጁ ሾፌር ብርጭቆውን ይዞ ይጠጣው ይተወው ግራ ገባው።

ምክር ቤቱ ለሴትየዋ ወሰነ። አኖ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። ኦቦ ቶሌራ ከዚያ ቀን ጀምሮ የታናሽ ወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም። ኦቦ ገለታ በየገናው በሚኒባስ አኖ ይሄዱ ነበር፤ ታላቅየው በጓሮ ይወጣሉ። «ተቆጭተው ይሆን?» ብዬ አንድ ቀን ኦቦ ገለታን ጠየቅኋቸው። «ያልኩትን አልጸጸትበትም። ግን ወንድሜ ሲናገር መስማት ናፈቀኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ክርክር ሲናገሩ በሰማሁ ቁጥር ለዚህ ችሎታ ምን እንደከፈሉ አስብ ነበር።

በቀብራቸው ዕለት መዘምራኑ ሲዘምሩ ኦቦ ቶሌራ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው አየኋቸው። ድንኳን ውስጥም ተቀመጡ።

ኦቦ ገለታ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ይህን የምጽፍልዎ እርስዎ እንደሚወዱት ሳላስጌጥ ነው። ከእኔ ጋር የማይስማማውን ሰው እንድሰማ አድርገውኛል፤ ለልጆቼም ይህንኑ አስተምራለሁ። አንድ ነገር ልንገርዎና ይረፉ። ዝናቡ ሲጀምር ኦቦ ቶሌራ ነቀምቴ መጡ። አዴ ጫልቱን ከቅቤ ተራ ጠርተው «ነይ፣ ከአባታችን መሬት የትኛውን ወገን እንደምትፈልጊ አሳዪኝ» አሏቸው። አብረው አኖ ሄዱ። አዴ ጫልቱ ከወንዙ በኩል ያለውን መረጡ። ኦቦ ቶሌራ ገመድ ይዘው ለኩላቸው፣ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ተከሉ። ስለ እርስዎም፣ ስለ ምክር ቤቱም ቃል አልተነፈሱም። በማግሥቱ በሬዎቹን ጠምደው፣ ከራሳቸው ማሳ በፊት የእህታቸውን አረሱ።