ንጉሡ የወሰደው ማዕረግ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሞይራ ጠረጴዛዬ ላይ የዘረጋችው የአንድ የስኮትላንድ መኳንንት ቤተሰብ የዘር ሐረግ ነበር። የሰዎችን የዘር ሐረግ በክፍያ የምታጣራበት ቢሮዋ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ፣ ከፀጉር ቤት በላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት።

«ኧርልና ሌርድ ካምታታህ ሁሉም ይበላሻል» አለችኝ፤ እሷ ራሷ የስኮትላንድ ልጅ ናት። ኧርል ንጉሡ በማዕረግ የሾመው ነው፤ ሌርድ ደግሞ ባለርስት ነው። እኔ በልቤ አንዱን ራስ፣ ሌላውን ባላባት ብዬ ያዝኳቸው።

ሥራው ያደክማል። የድሮው ሰነድ በላቲን የተጻፈ ነው። አባትም ልጅም የልጅ ልጅም ጄምስ ይባላሉ። የትኛው ጄምስ የቱን እንደወለደ የሚለየው ርስቱ ከማን ወደ ማን እንደዞረ በመከተል ነው። ዓይኔን የጨረስኩት እዚያ ላይ ነው።

ሥራውን ለምጄ ከሰለቸኝ በኋላ ሚስተር ዳንከን መጡ። ስካርቦሮ ሰፈር አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የዚያ ቤተሰብ ዘር ነን ይላሉ።

«ታናሼ ኢያን የሚኖረው ዌስተን ሰፈር ነው» አሉኝ። «አባታችን ሲሞት የቤቱ አለቃ እኔ ነኝ አለ። ታላቁ እኔ ነኝ። የኧርልነቱ ማዕረግ የማን እንደሆነ አረጋግጥልኝ።»

ከአባታቸው ቀብር ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

ወራት ፈጀብኝ። ዘራቸው እውነት ነበር። ነገር ግን የመጨረሻው ኧርል በንጉሡ ላይ ሸፍቶ ርስቱም ማዕረጉም ተወርሶበታል። ልጆቹ ተራ ገበሬ ሆነው ቀሩ። የመለሰላቸው ንጉሥ የለም።

ሞይራ ሳታየው ለደንበኛ መናገር ክልክል ነው፤ እሷ ደግሞ ታማ ቤት ተኝታለች። በዚህ መሃል የሚስተር ዳንከን ልጅ ኮል አደረገችልኝ።

«አጎቴ ሆስፒታል ገብቷል። አይተርፍም ብለውናል። አባቴ ግን ውጤቱ ሳይመጣ አልሄድም ብሏል።»

ሞይራ ጋ ደወልኩ።

«ሳላየው አንድ ቃል እንዳትናገር» አለች።

«ሰውየው እየሞተ ነው።»

 «መኪናህ ነዳጅ አለው?» አለችኝ።

ሚስተር ዳንከን በሩን እንደከፈቱ «የማን ነው?» አሉ።

«የማንም አይደለም። ንጉሡ ወስዶታል። እርስዎ ከመወለድዎ በፊት የጠፋ ማዕረግ ነው።»

ግድግዳውን ተደገፉ። «ታዲያ እኔና ኢያን በምን ነበር የተጣላነው?»

 ካፖርታቸውን አልብሼ ወደ ሆስፒታሉ ወሰድኳቸው።

ሚስተር ኢያን አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ተኝተዋል። ታላቅየው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብለው «ጌታዬ ኧርል፣ ወንድምህ መጥቷል» አሏቸው።

ታናሽየው ዓይናቸውን ገለጡ። «ዘገየህ» አሉ፤ እጃቸውን ግን ሰጧቸው። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ሚስተር ኢያን ሳምንቱን ሳይጨርሱ አረፉ። ሞይራ ስትሻላት ሥራዬን አየችው፤ ስህተት አላገኘችበትም። ሚስተር ዳንከን ውጤቱን ሊወስዱ አልመጡም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ የሞቱትን መፈለግ ከመጀመራችሁ በፊት በሕይወት ያሉት ይነጋገሩ እንደሆነ ጠይቁ።