የነጅላ «እንበልና»

ነጅላ ሙሀመድሰዒድ ቂሊንጦ አጠገብ ባለ ፋብሪካ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር፤ በሰፈራችን የፌስቡክ ግሩፕ ግን የምትታወቀው በ«እንበልና» ነው። 2008 ዓ.ም. ነው፤ ስልክ ያለው የቃሊቲ ወጣት ሁሉ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ነበር። እሷ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትመለስ፣ ሰርቪስ ውስጥ ሆና አንድ ጥያቄ ትለጥፋለች። «እንበልና ባቡሩ በነፃ ቢሆን ማንን ይዛችሁ ትሳፈራላችሁ?» «እንበልና ለአንድ ቀን የቀበሌ ሊቀመንበር ብትሆኑስ?» እኛም ተረባርበን እንመልሳለን።

አመላለሳችንን አልደብቅም። ጥያቄው ደስ የሚል ከሆነ ያለ ሐፍረት እንዋሻለን። ክፉ ከሆነ ግን «አያምጣው»፣ «ክፉ አታውሪ» ብለን እናልፋለን፤ እኛ ዘንድ ክፉ ነገርን መገመት መጥራት ነው። የቀረነው እንቀልዳለን። እኔ ከቀላጆቹ ነኝ።

አንድ ማክሰኞ እዚያ ፋብሪካ የካውያው ገመድ ጨሰ። አርባ ሴቶች ወደ በሩ ሮጡ። በሩ ጨርቅ እንዳይሰረቅ ተብሎ ሁልጊዜ ከውጭ ይቆለፋል፤ ቁልፉን ደግሞ የፈረቃ ኃላፊው ፀሐዩ ኪሱ ከትቶ ምሳ ሄዷል። እንደ እድል አንዷ ቆጣሪውን አጠፋችውና ጭሱ ቆመ። ፀሐዩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመለስ፣ ከማሽናቸው የተነሱትን ተቆጣ።

ነጅላ ለማን ትናገር? በዚያ ዘመን ስለ ሥራ ቦታው ያማረረ ሰው በማግስቱ ስብሰባ ላይ ስሙ ይነሳል። አባቷ በአይሱዙ ተገልብጦ ቤት ከዋለ ወዲህ ቤተሰቡ የሚያድረው በእሷ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የምታውቀውን መንገድ ያዘች፤ ዓርብ ደርሶ እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ «እንበልና በር ተቆልፎባችሁ ቤቱ በጭስ ቢሞላ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ምሳ ላይ ቢሆን፣ ምን ታደርጋላችሁ?»

«አያምጣው» ሠላሳ ጊዜ ያህል ተጻፈ። ጎማ ጠጋኙ ሮሪሳ፣ መጀመሪያ ምሳው ምን እንደሆነ ይነገረን አለ። እኔ ደግሞ ሰውየው ለታፈኑትም አስጠቅልሎ እንዲመጣ መከርኩ። በሩ የማን እንደሆነ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

እያነበበች አለቀሰች። ከዚያ ጨክና «ይሄኛው እንበልና አይደለም፤ በሩ የእኛ ነው» ብላ ጻፈች። ሳቁ ባሰ። ዛሬስ ተዋናይ ወጥቶሻል አልናት።

ፀሐዩም ግሩፑ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ማሽኗ አጠገብ መጥቶ ቆመና ስልኩን አሳያት።

«ጨዋታ ነው፣ አይደል?»

«ጨዋታ ነው፣ ጋሽ ፀሐዩ። ሰው ሁሉ ሲስቅ አያዩም?»

እሱም ሳቀ። ምሳ ሰዓቱ ሲደርስ እንደ ወትሮው ቆልፎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሰርቪስ ስትጠብቅ አገኘኋትና ሁሉንም ነገረችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዛሬውኑ እውነቱን ለሁሉም እጽፋለሁ አልኳት። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«እባክሽ፣ ሰው እንዳያምነኝ» አለች። «እስካሁን ሥራ ላይ ያለሁት ስላላመናችሁኝ ነው።»

ሰርቪሱ መጣ፤ ቦታ እንዳይሞላባት ሮጣ ተሳፈረች። እኔም አልጻፍኩም።