ሁለት እግር የጨመርኩላት ፊደል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት ጾም ሻርኩ፣ ሰው አማሁ እላለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ለእናንተ ልናገር።

ዳንግላ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ የሥነ ጽሑፍ ፈተና ላይ «በአጭሩ መልሱ» የሚለውን ክፍል አይፈሩም። «መልሱን ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ከታሪኩ አንድ ነገር መዝዛችሁ አሳዩ፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ አስረዱ» እላቸዋለሁ። ርእሰ መምህሩ ዘዴውን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቀኝ ከልምድ ነው አልኩት። ዋሸሁ። ዘዴው የይርገዱ ነው።

ይርገዱ እንጅባራ አሥረኛ ክፍል ስንማር አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። የገጠሩ የጥርባ ልጅ ናት፤ ቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ነው። ከተማ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ድንችና የገብስ ቆሎ ስንቋን ተሸክማ እየመጣች ትማር ነበር። የሚያስተምራት ታላቅ ወንድሟ «አንድ ትምህርት ከወደቅሽ ወደ ቤት ነው» ብሏት ነበር። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ማወቄን ልብ በሉልኝ።

አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ስለ አንድ ታሪክ ስጠየቅ ታሪኩን መልሼ ከመተረክ ሌላ አላውቅም ነበር። እሷ በሦስት ዓረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች። እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ ስትቸኩል ጠ እና ተ ይምታቱባታል። «ጠፋ» ለማለት «ተፋ» ትጽፋለች። እስቅባት ነበር፤ እሷም አብራኝ ትስቅ ነበር።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ዕለት ከመግባታችን በፊት «ዛሬ የራስሽን ጻፊ፤ ትችያለሽ እኮ» አለችኝ። ከተቀመጥን በኋላ ወረቀቷን በክንዷ ሸፈነችው። እስከዚያ ቀን ሸፍናብኝ አታውቅም። ከዳችኝ አልኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አልኩ በሆዴ። አሁን ሳስበው ምን አድርጋኝ ነው? ትችያለሽ ስላለችኝ ነው የተቀየምኳት?

ጥያቄው ልጇን ዓመታት የጠበቀች እናት በመጨረሻ በሯን ለምን እንደዘጋች ነበር። ይርገዱ ወደ ሌላው ገጽ ልታልፍ ክንዷን ስታነሳ መልሷን አየሁና ቃል በቃል ኮረጅኩ። «ተስፋዋ ስለ ተፋ ነው» ይላል። ምን እንደምጽፍ እንኳ ሳላነብ ጻፍኩት።

መምህራችን ሁለታችንንም ቢሮ አስጠራን። እኔ ቀድሜ ደረስኩ። ወረቀቶቻችንን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «መልሳችሁ አንድ ነው። ማን ነው የኮረጀው?» ካለኝ በኋላ ስልክ ተደወለለትና ወደ በረንዳው ወጣ። ወረቀቴን አየሁት። «ተፋ»። ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ እንዲህ ብዬ አልጽፍም፤ ይህች ፊደል ታጋልጠኛለች። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ከተ ግራና ቀኝ ሁለት ጭረት ወደ ታች አወረድኩ። ጠ ሆነች።

መምህሩ ሲመለስ ይርገዱም ገባች። «እሷ ናት የኮረጀችኝ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ። መምህሩ ሁለቱን ወረቀቶች አስተያየና «ይኸው፣ የኮረጀ ሰው ፊደል ይገድፋል» አለ። ለእሷ ዜሮ ሰጣት።

ይርገዱ ወረቀቴን ብዙ አየችው። የጨመርኳቸው ጭረቶች ቀለማቸው ከሌላው ደመቅ ይል ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ እስክናገር የጠበቀችኝ ይመስለኛል። እኔ ወለሉን አየሁ። ካርድ በወጣ ዕለት ወንድሟ መጥቶ ፍራሿን ጠቀለለና ይዟት ሄደ። አልተሰናበትኳትም።

አምና ካርድ ስንሰጥ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ቀና ስል ይርገዱ ናት። ለካ ዳንግላ ነው ያገባችው።

«ልጄ ስታጠና ‹ከታሪኩ አንድ ነገር መዝዛችሁ አሳዩ› ስትል ሰማሁና ያኔውኑ ነው አንቺ መሆንሽን ያወቅሁ» አለችኝ። ከዚያ የልጅቱን ደብተር ፊቴ አስቀመጠች። «ልጄም እንደኔ ፊደል ይምታታባታል። አደራ፣ አንቺ ማስተካከል ታውቂበታለሽ።»

ልጅቱ አጠገባችን ቆማ ነበር፤ ምን እንደተባለ አልገባትም። እኔ ገብቶኛል።

ይርገዱ ባስተማረችኝ መንገድ ልመልስ። መልሱ፣ ከዳኋት። ማስረጃው፣ ሁለት ጭረት። ለምን ለሚለው ብዙ መጻፍ እችላለሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ፣ ቀናሁ። የትኛውም ሙሉ ነጥብ አያሰጥም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳት ሴት ያን ቀን ፊቴ ቆማ፣ እንደ ድሮው እስክናገር ስትጠብቀኝ፣ ደብተሩን ተቀብዬ «እሺ» ብቻ ነው ያልኳት።